የተለገሰ የጡት ወተት ወጪን የጤና መድን ሊሸፍን ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ልጃቸው ያለቀኑ ተወልዶ ማሞቂያ ለገባባቸው ወይም ሊገባ ይችላል ተብሎ ለተነገራቸው ቤተሰቦች ነው። ስለ ወተቱ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ፣ ያውም እናት ከወሊድ ገና ሳታገግም የሚነገር ነው። ስለ ክፍያው ደግሞ ጭራሽ የሚያስረዳ ሰው ላይገኝ ይችላል። በመልሶቹ ውስጥ የራሴን አቋም አልሸሸግሁም። ሐኪም ያዘዘው የተለገሰ የጡት ወተት ሕክምና ነው፤ ሕክምና ከሆነም መድን ሊከፍልበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የተለገሰ የጡት ወተት የሚባለው ምንድን ነው?

የራሷን ልጅ አጥግባ ወተት የሚተርፋት እናት እያለበች በማቀዝቀዣ አጠራቅማ ለወተት ባንክ የምትሰጠው ወተት ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው የወተት ባንክ በ1909 (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቪየና ተከፍቶ በዓመቱ ቦስተን ተከትሏል። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን ለትርፍ ያልተቋቋሙ ባንኮች የሚመዝነውና ፈቃድ የሚሰጠው በ1985 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የጡት ወተት ባንኮች ማኅበር ነው። በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ፣ በቴክሳስ ኦስቲን፣ በቨርጂኒያ ኖርፎክ፣ በፔንሲልቬንያ ፒትስበርግ ባንኮች አሉት። ለጋሾቹ አይከፈላቸውም።

ለጋሿ ስለ ጤናዋ፣ ስለምትወስደው መድኃኒትና ስለ አኗኗሯ በዝርዝር ትጠየቃለች። ደሟ ለኤችአይቪ፣ ለኤችቲኤልቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ወተቷ በረዶ እንደሆነ ባንኩ ይደርሳል፤ ቀልጦ ከሌሎች እናቶች ወተት ጋር ይደባለቅና በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ከዚያ ባክቴሪያ እንደሌለበት በላቦራቶሪ ተረጋግጦ እንደገና ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከወተቱ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች የተወሰኑትን ስለሚያጠፋ የእናቱን ትኩስ ወተት አይተካከልም። ላልጠና አንጀት ግን ከዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ይሻላል።

በእርግጥ የሚያስፈልገው ለየትኛው ሕፃን ነው?

ከሁሉም በላይ ሲወለድ ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች ለሆነ ጨቅላ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው መግለጫ ቅድሚያ የሰጠው ለእነዚህ ሕፃናት ሲሆን፣ ወተቱን የማግኘታቸው ጉዳይ በቤተሰቡ የመክፈል አቅም መወሰን እንደሌለበትም አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዝቅተኛ ክብደት ይዘው ለተወለዱና የእናታቸውን ወተት ማግኘት ላልቻሉ ሕፃናት የተለገሰ የጡት ወተት እንዲሰጥ ይመክራል።

ምክንያቱን ለመረዳት በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። አንድ ኪሎ ያልሞላ ሕፃን መጥባት አይችልም። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው ወይም በአፉ አልፎ ጨጓራው ይደርሳል። ነርሷ በሲሪንጅ የለካችውን ወተት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር፣ በየሦስት ሰዓቱ በቱቦው ታወርድለታለች። ሁለት ሚሊ ሊትር የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ሁሉም የሚጠብቀው ሆዱን ነው። ተነፋ? ወተቱ ሳይፈጭ ተመለሰ? ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ታየ?

የሚፈራው በሽታ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይተስ ይባላል፤ ሐኪሞቹ አሳጥረው ኔክ ይሉታል። የአንጀት ግድግዳ ይቆጣል፣ የተወሰነው ክፍል ይሞታል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ማለዳ ደህና የነበረ ሕፃን ማታ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ ይችላል። ከሚያዙት ውስጥ ብዙዎች ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም አንጀታቸው ተቆርጦ አጥሮ ለዓመታት በደም ሥር የሚመገቡ አሉ። የእናቷ ወተት ላልበቃት ጨቅላ ከዱቄት ወተት ይልቅ የተለገሰ ወተት መስጠት ይህን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2024 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት ላይ 483 እጅግ ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ተሳትፈው ነበር፤ የተለገሰ ወተት ካገኙት 4.2 በመቶ፣ ያለቀናቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚዘጋጀውን ፎርሙላ ከወሰዱት ደግሞ 9 በመቶ በኔክ ተይዘዋል።

ይኸው ጥናት በሌላ በኩል ያሳየውንም መደበቅ አይገባም። ሕፃናቱ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው በአእምሮ እድገት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ የተለገሰ ወተት የወሰዱትም ሆስፒታል ሳሉ ክብደት የጨመሩት በዝግታ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ወተቱ ላይ ማበልጸጊያ የሚጨምሩት። ስለዚህ ማንም «ልጅዎን ጎበዝ ያደርገዋል» ብሎ እንዳይሸጥልዎ። ጥቅሙ አንጀቱን ማትረፍ ነው፤ ይህም ለመድን ክርክር ከበቂ በላይ ነው።

የራሴ ወተት አልመጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው?

አይደለም። በ26 ወይም በ28 ሳምንት የወለደች እናት ጡቷ ለማጥባት ገና አልተሰናዳም። በዚያ ላይ ደም ግፊት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንጋጤና ከልጅ መለየት አለ። ወተቱ በብዙዎች ላይ ዘግይቶ ይመጣል፤ በአንዳንዶች ላይ አይበቃም።

ማድረግ የሚቻለው ግን አለ፤ ጊዜም አይሰጥም። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ማለብ መጀመር፣ ከዚያም በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ መቀጠል ያስፈልጋል። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ አብዛኞቹ መድኖች የጡት ማለቢያ መሣሪያና የጡት ማጥባት ምክር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ለሆስፒታሉ ነርስ «ማለቢያ ዛሬውኑ ይምጣልኝ» ይበሉ። ዘመድ አዝማድ አጥሚት ይዞ ሲመጣ በደስታ ይጠጡት፤ ወተቱን የሚጠራው ግን በየሦስት ሰዓቱ የሚደረገው ማለብ ነው። ጥቂት ጠብታ እንገር ብቻ ቢወጣም አይጣል፤ ነርሷ በጥጥ አድርጋ የልጁን ከንፈርና ድድ ትቀባለታለች።

የተለገሰው ወተት የሚሰጠው የእርስዎ እስኪደርስ ወይም ለጎደለው መሙያ ነው። መድን ለባንክ ወተት ይክፈል ስል፣ እናት በእርዳታ ልታገኘው የምትችለውን የራሷን ወተት ትተው ማለቴ አይደለም። ከማለቢያና ከአማካሪ የሚቆጥብ መድን በኋላ ለተለገሰ ወተት ብዙ ይከፍላል።

ዋጋው ስንት ነው?

ለትርፍ ያልተቋቋሙት ባንኮች በአብዛኛው ለአንድ አውንስ ከ3 እስከ 5 ዶላር ያስከፍላሉ፤ አንድ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ክፍያው የምርመራው፣ ወተቱን የማሞቁ፣ የላቦራቶሪውና የማጓጓዣው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሌቶችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሩ የሚምታታው ሳይለያዩ ሲቀሩ ነውና። አንድ ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ሙሉ ምግቡን መውሰድ ሲጀምር በቀን 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 5 አውንስ ገደማ ይበቃዋል። በከፍተኛው ዋጋ ቢሰላ በቀን 25 ዶላር ነው። እያደገ፣ መጠኑም እየጨመረ ለሁለት ወር ቢወስድ በድምሩ ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ቢደርስ ነው። በአንጻሩ በ2002 በወጣ ጥናት መሠረት ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ኔክ በአንድ ሕፃን ላይ ወደ 186 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ የሆስፒታል ወጪ አስከትሏል፤ ዋጋው በዚያ ዘመን ዶላር መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው ስሌት ቤት የገባ የሦስት ወር ሕፃን ነው። በቀን 25 አውንስ ገደማ ይጠጣል። ይህ በከፍተኛው ዋጋ ቢሰላ በቀን ከ100 ዶላር በላይ፣ በወር ከ3,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። መድኖች «ይህ ነገር ያከስረናል» ሲሉ የሚጠቅሱት ይህኛውን ነው፤ የሚከለክሉት ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውንም ጭምር ነው።

ልጄ ሆስፒታል እያለ የሚከፍለው ማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታሉ። መድኑ ለሕፃኑ የሆስፒታል ቆይታ የሚከፍለው በጥቅል ነው፤ ወተቱ እንደ አልጋ ልብስና እንደ ዳይፐር በጥቅሉ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ በወላጅ ስም የወተት ሒሳብ እምብዛም አይመጣም።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ወጪው ከሆስፒታሉ ኪስ ስለሚወጣ ሆስፒታሉ መስመር ያሰምራል። አንዱ ከ1,500 ግራም በታች ለሆኑት ብቻ ይሰጣል፣ ሌላው 34 ሳምንት ሲሞላቸው ያቆማል፣ ሦስተኛው ጭራሽ አያስገባም። የዚያ መስመር መነሻ የሕፃኑ አንጀት ሳይሆን የሆስፒታሉ በጀት ሊሆን ይችላል። ብዙ ድሃ ታካሚ የሚያስተናግደው ሆስፒታል ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቸገራል። የተወሰኑ ስቴቶች ወተቱ ከጥቅሉ ወጥቶ ለብቻው እንዲከፈል የደነገጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ሊከተሉት የሚገባ አሠራር ይመስለኛል።

ልጅዎ በሚተኛበት ቦታ ሁለት ነገር ይጠይቁ። «የተለገሰ ወተት ትሰጣላችሁ?» እና «እስከ መቼ ትሰጣላችሁ?»

ሜዲኬይድ ይከፍላል?

በሚኖሩበት ስቴት ይወሰናል። በአሜሪካ ከአሥር ወሊዶች የአራቱን ያህል የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን የተለገሰ ወተትን በስም ጠቅሶ አላስገደደም። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ካንሳስ፣ ሚዙሪና ዩታ ቀደም ብለው ከጀመሩት መካከል ናቸው። ኒውዮርክ በ2017 ሆስፒታል ለተኙ ጨቅላዎች ፈቀደች። ኒው ጀርዚ በ2018፣ ኢሊኖይ ከ2020 ጀምሮ፣ ፔንሲልቬንያ በ2023 ባወጧቸው ሕጎች ሜዲኬይድን ብቻ ሳይሆን የግል መድኖችንም አካትተዋል። ዝርዝሩ ግን ይለያያል፤ አንዱ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ፣ ሌላው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ይከፍላል።

በወታደር ቤተሰብ መድን፣ በትራይኬር፣ ያላችሁ ደግሞ የተሻለ ሁኔታ ላይ ናችሁ። የጤና ሁኔታው የሚጠይቅ ሕፃን ፈቃድ ካለው ባንክ በቀን እስከ 35 አውንስ ድረስ ሊሸፈንለት ይችላል።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ልጄ ምን መብት አለው?

ይህን ጥያቄ ብዙዎች ለመጠየቅ ይፈራሉ፤ ፍርሃቱ ልጁን እንዳይጎዳ በግልጽ ልመልሰው። እዚህ የተወለደ ልጅ ጥያቄው የሚታየው በራሱ ስም ነው። የእናቲቱን ወሊድ ሜዲኬይድ ከከፈለው፣ የድንገተኛ ሜዲኬይድ ተብሎ የሚጠራው እንኳ ቢሆን፣ ሕፃኑ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልገው እስከ አንድ ዓመቱ በሜዲኬይድ ይሸፈናል። ስቴቱ ለተለገሰ ወተት የሚከፍል ከሆነ ለእሱም ይከፍላል።

አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው፤ ነፃ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። «የሕክምና አስፈላጊነት» እና «ቅድመ ፈቃድ» የሚሉት ነገሮች በደንብ ካልተተረጎሙ ጥያቄው ገና ሳይቀርብ ይወድቃል።

ስቴታችን ሕግ አለው፤ የመሥሪያ ቤቴ መድን ግን አይመለከተኝም ይላል። እንዴት?

ትልልቅ አሠሪዎች ብዙውን ጊዜ መድን አይገዙም። የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ራሳቸው ይከፍላሉ፤ በካርዱ ላይ ስሙ የሚታየው የመድን ኩባንያ ሒሳቡን ብቻ ያስተዳድራል። እንዲህ ያለው መድን በ1974 በወጣ የፌዴራል ሕግ ስር ስለሚተዳደር የስቴት የመድን ሕግ አይደርስበትም። በአሠሪያቸው በኩል መድን ካላቸው አሜሪካውያን ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነቱ ውስጥ ናቸው።

ውጤቱ ምን እንደሆነ አስቡት። ሁለት ሕፃናት በአንድ ክፍል፣ በአጎራባች ማሞቂያ ተኝተዋል፤ የሁለቱም ካርድ ላይ ያለው የኩባንያ ስም አንድ ነው። አንዱ ይከፈልለታል፣ ሌላው አይከፈልለትም፤ የአባቶቻቸው አሠሪዎች መድኑን ያዋቀሩበት መንገድ ስለሚለያይ ብቻ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የስቴት ሕግ የቱንም ያህል ቢሻሻል አይዘጋውም፤ ኮንግረስ መወሰን አለበት።

እስከዚያው ለአሠሪው የሰው ኃይል ክፍል «መድናችን በራሳችሁ ገንዘብ የሚተዳደር ነው?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። አዎን ካሉ፣ ፈቃዱን መስጠት የሚችለው ራሱ አሠሪው ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሐኪሙን ደብዳቤ ለእሱም ያቅርቡ።

«ወተት ምግብ ነው፤ መድን ለምግብ አይከፍልም» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ይህ መልስ ከመድን ድርጅቶች በብዛት የሚሰማው ነው፤ ቢመረምሩት ግን አይቆምም።

ያ ሕፃን ወተት ከመጀመሩ በፊት ሲመገብ የቆየው በደም ሥሩ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ስብና ጨው ነው፤ ምግብ ነው። መድን ይከፍልበታል። ፒኬዩ የሚባለው የዘር በሽታ ያለበት ልጅ አእምሮው እንዳይጎዳ ልዩ ዱቄት ይጠጣል፤ ብዙ ስቴቶች መድኖች እንዲከፍሉበት በሕግ አስገድደዋል። መዋጥ የማይችል አዋቂ በቱቦ የሚወስደውም እንዲሁ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚጠየቀው ሐኪም አዝዞታል ወይ፣ ሌላ ተመጣጣኝ አማራጭ አለ ወይ፣ ባይሰጥ ምን ጉዳት ይደርሳል የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለ900 ግራም ጨቅላ የታዘዘ ወተት ላይ ያንሷቸው፤ መልሱ ከፒኬዩ ዱቄት አይለይም።

ሌላም ነገር አለ። መንግሥት ለሕፃን ምግብ መክፈል አያውቅም ማለት አይቻልም። ዊክ በሚባለው የእናቶችና ሕፃናት የምግብ ፕሮግራም በኩል በአገሪቱ ከሚቀርበው የሕፃናት ፎርሙላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይታደላል። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ለሕፃን ወተት ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ክርክር ካለቀ ቆይቷል። የቀረው፣ ለአደጋ የተጋለጠው ጥቂት ሕፃን የሚያስፈልገው ዓይነት ወተት ለምን ተነጥሎ እንደወጣ ነው።

ለጤነኛ ሕፃንም መድን ይክፈል እያላችሁ ነው?

አይደለም። በጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ የሞላ ጤነኛ ሕፃን የእናቱ ወተት ካልበቃው በፎርሙላ በሚገባ ያድጋል፤ በፎርሙላ ያሳደገች እናት የምትሸማቀቅበት ነገር የለም። የተለገሰው ወተት ውስን ነው። በ2022 ሚሺጋን የሚገኝ አንድ ትልቅ የፎርሙላ ፋብሪካ ሥራ አቁሞ መደርደሪያዎች ባዶ በቀሩ ጊዜ ወደ ወተት ባንኮች የሚደወለው ስልክ በዝቶ ነበር፤ ባንኮቹም ለታመሙት ቅድሚያ መስጠታቸውን ቀጥለዋል። መድን ለሁሉም ያለ ልዩነት ቢከፍል ወተቱ መጀመሪያ የሚያልቀው አቅም ላለው ቤት ነው፤ ማሞቂያ ውስጥ ያለው ይጎዳል።

ሆኖም በግራም ብቻ መወሰንም ልክ አይደለም። አንጀቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ከባድ የልብ ሕመም ያለበት፣ ፎርሙላን ሆዱ ፈጽሞ የማይቀበል፣ እናቱ በወሊድ የሞተችበት ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለችበት ሕፃን አለ። ለእነዚህ ውሳኔው በሐኪሙ እጅ መሆን አለበት፤ ጊዜውም ተወስኖ፣ በየጥቂት ሳምንቱ እየታየ።

መድን መክፈል ከጀመረ ዋጋው አይንርም? ድሃ እናቶች ወተታቸውን ወደ መሸጥ አይገቡም?

ስጋቱ እውነተኛ ነው። በዘርፉ ለትርፍ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። ሜዶላክ የተባለው ኩባንያ በዲትሮይት ላሉ ጥቁር እናቶች በአውንስ አንድ ዶላር እየከፈለ ወተት ለመሰብሰብ አቅዶ ነበር፤ የከተማዋ የጡት ማጥባት ተሟጋቾች በግልጽ ደብዳቤ ተቃውመው በጥር 2015 ዕቅዱን ሰርዟል። የተቃውሞው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ ልጇን ማጥባት ያለባት እናት ለቤት ኪራይ ስትል ከልጇ አፍ እንዳትነጥቅ።

መድኃኒቱ ግን ክፍያውን መከልከል አይደለም፤ ክፍያው ፈቃድ ላለው፣ ለትርፍ ላልተቋቋመ ባንክ እንዲሆንና ከማዘጋጃ ወጪው እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ብራዚል ከ200 በላይ የወተት ባንኮች አሏት። በመንግሥት የጤና አገልግሎት ስር ስለሚሠሩ ለታመመው ሕፃን በነፃ ይሰጣል፤ ወተት የሚሸጥም የሚገዛም የለም። በአንዳንድ ከተሞች ከእናቶቹ ቤት ጠርሙሱን የሚሰበስቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አሜሪካ ወደዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይቀራታል፤ አቅጣጫው ግን ይታያል።

ከኢንተርኔት ወይም ከማውቃት ሴት ወተት ብወስድስ?

ከኢንተርኔት አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 አስጠንቅቋል። በኋላም ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የተገዙ ናሙናዎችን ሲመረምሩ አብዛኞቹ በባክቴሪያ ተበክለው አግኝተዋቸዋል፤ በ2015 በታተመው ጥናት ደግሞ ከ102 ናሙናዎች አሥሩ የላም ወተት የተቀላቀለባቸው ነበሩ። የእህትዎ ወይም የጓደኛዎ ወተት ከዚህ ይለያል፤ በአገራችን አንዷ የሌላዋን ልጅ ማጥባቷ የቆየ ደግነት ነው። ማሞቂያ ውስጥ ላለ ጨቅላ ግን ያልተመረመረና ያልሞቀ ወተት ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይስጡ። ወላጆችን ወደዚህ ገበያ የሚገፋቸው በአብዛኛው የባንኩ ዋጋ መሆኑንም የመድን ድርጅቶች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሙስሊም ነን። የጡት ዝምድና ጉዳይስ?

በእስልምና ከአንዲት ሴት የጠቡ ልጆች የጡት ወንድምና እህት ስለሚሆኑ መጋባት አይችሉም፤ የባንክ ወተት ደግሞ ከብዙ እናቶች የተደባለቀ ነው። የዓለም አቀፉ የእስልምና ሕግ አካዳሚ በ1985 የወተት ባንኮችን አልፈቀደም፤ ሼህ ዩሱፍ አል ቀርዳዊን የመሰሉ ሊቃውንት በአንጻሩ በጡት ያልጠባና ማንነቷ ከማይታወቅ ሴት የተገኘ ወተት ዝምድናውን አያስከትልም ብለዋል። ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ሲመጣ ምን እንደሚፈቀድ የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። ሆስፒታሉ ወተቱን ከመስጠቱ በፊት ፈቃድዎን እንዲጠይቅ መሻት ይችላሉ። መድን ይክፈል ማለት ማንም ይገደድ ማለት አይደለም።

እኔም መለገስ እፈልጋለሁ። ወጪ አለብኝ?

የለብዎትም። የደም ምርመራውንና ማጓጓዣውን ባንኩ ይችላል። መጀመሪያ በስልክ ያነጋግሩዎታል፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና ባህላዊ መድኃኒት ሁሉ ይንገሯቸው።

ጥያቄዬ ውድቅ ቢሆን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ልጁ በመድኑ ውስጥ መመዝገቡን ያረጋግጡ። በአሠሪ መድን ከተወለደ በ30 ቀን ውስጥ፣ በመንግሥት የመድን ገበያ በኩል ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ማሞቂያ አጠገብ ውለው ሲያድሩ ቀኑ ሳያውቁት ያልፋል፤ አንድ ዘመድ ይህን ብቻ እንዲከታተል ይመድቡ።

ከዚያ የሐኪሙ ደብዳቤ ይቀጥላል። «የጡት ወተት ይጠቅመዋል» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። በስንት ሳምንት እንደተወለደ፣ የልደት ክብደቱ፣ አሁን ያለበት ክብደት፣ የአንጀቱ ታሪክ፣ የእናቱ ወተት ለምን እንዳልበቃ፣ በቀን ስንት አውንስ እንደሚያስፈልገውና እስከ መቼ እንደሆነ መስፈር አለበት። ባንኩ ሒሳቡን ሲልክ የሚጠቀምበት መለያ ቁጥር ቲ2101 ነው። መድኑን ሲደውሉ ይህን ቁጥር ጠቅሰው ቅድመ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ያነጋገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ።

እምቢታው በጽሑፍ ይስጥዎ። በግል መድን ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ 180 ቀን የይግባኝ ጊዜ አለዎት። ጉዳዩ አጣዳፊ ነው ብሎ ሐኪሙ ካረጋገጠ ግን መድኑ በ72 ሰዓት ውስጥ መመለስ ግዴታው ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን ሁልጊዜ አጣዳፊውን ይጠይቁ። ያም ካልሆነ በአራት ወር ውስጥ ከመድኑ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲመረምረው ማመልከት ይቻላል፤ በዚያ ደረጃ የሚሰጠው ውሳኔ መድኑን ያስገድደዋል። በሜዲኬይድ ስር ባሉ የመድን ድርጅቶች የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ እዚያም ካልተሳካ የስቴቱን ችሎት መጠየቅ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፦ ቀድሞ ተፈቅዶ የነበረውን ወተት ሊያቋርጡ ሲሉ ማስታወቂያው በወጣ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉና አቅርቦቱ እንዲቀጥል ከጠየቁ፣ የተሰጠው ፈቃድ ጊዜው እስካላበቃ ድረስ ወተቱ ውሳኔው እስኪመጣ አይቋረጥም።